የማድ ቤት ንድፍ አውጪዋ ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ምንባብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃችኋለን። ዛሬ ማታ ራት ሲሠራ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ቁሙና ወጥ የሚሠራው ሰው ጨው ለማንሣት ስንት እርምጃ እንደሚራመድ፣ በርበሬውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ሽሮ ያለበትን ዕቃ እስኪያገኝ ድረስ ስንት ክዳን ከፍቶ እንደሚዘጋ ቁጠሩ። ቁጥሩንም በደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ታሪኳን የምታነቡላት ሴት በዓለም የታወቀችበትን ሥራ የጀመረችው እንዲህ ባለ ቆጠራ ነበርና። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉ።

ማርጋሬተ ሊሆትስኪ የተወለደችው ጃንዋሪ 23 ቀን 1897 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ነው። ቪየና በዚያን ጊዜ የሰፊው የኦስትሪያና የሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበር ቤተሰቡ የሚበላውና የሚለብሰው አላጣም። ልጅቱ ሥዕል ትወድ ነበርና በ1915 በቪየና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። የምትማረው ሥዕል ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚቃወማት ባልኖረ ነበር። እሷ ግን ቤት መሥራትን መማር እንደምትፈልግ ተናገረች። አባቷም መምህራኖቿም ደነገጡ። ለአንዲት ሴት ቤት እንድትሠራ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጥ ሰው በዓለም ላይ ስለማይገኝ በረኀብ ትሞታለች ብለው ፈሩላት። ምክራቸው ከክፋት የመነጨ አልነበረም። በዘመኑ የነበረው እውነት ይኸው ነበር። በመላው ኦስትሪያ በዚህ ሙያ የሠለጠነች ሴት ከእርሷ በፊት አልነበረችም ማለት ይቻላል።

በ1917 ዓ.ም. ለሠራተኞች የሚሆን መኖሪያ ቤት ንድፍ ውድድር ወጣ። ማርጋሬተ መወዳደር እንደምትፈልግ ለመምህሯ ለኦስካር ሽትርናድ ነገረችው። መምህሩም እርሳስ ከማንሣቷ በፊት ወደ ሠራተኞች ሰፈር ሄዳ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ በዓይኗ እንድታይ አዘዛት። እርሷም ሄደች። ያየችውንም እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችውም። አንድ ቤተሰብ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ያበስላል፣ ይበላል፣ ልብስ ያጥባል፣ ሕፃን ያሳድጋል፣ ይተኛል። አንዲት እናት ከፋብሪካ ሥራ ተመልሳ ማታ ሁለተኛ ሥራ ትጀምራለች። የድስቱ እንፋሎት በአልጋው ላይ ይወርዳል፤ የልጆቹ ሳል ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። ማርጋሬተ ይህን አይታ ተመልሳ ንድፏን ሠራች፤ የውድድሩንም ሽልማት አገኘች። እንደ እኛ አስተያየት ግን ትልቁ ነገር ሽልማቱ ሳይሆን የመምህሩ ትእዛዝ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ቪየና የተራበች ከተማ ሆነች። ማርጋሬተም የተጎዱ የቪየና ሕፃናትን ይዛ ወደ ሆላንድ ሄደች፤ በዚያም ጥቂት ጊዜ ቆይታ ተመለሰች። ቤት ያጡ ሰዎች በከተማው ዙሪያ ባለ መሬት ላይ በራሳቸው ጉልበት ጎጆ መሥራት ጀምረው ስለ ነበር፣ እርሷም ከታዋቂው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ከአዶልፍ ሎስ ጋር ሆና ለእነዚህ ሰፋሪዎች ንድፍ ታወጣ ነበር። ገንዘብ ስላልነበረ እያንዳንዱ ጡብ፣ እያንዳንዱ ስንዝር መሬት ታስቦበት መሠራት ነበረበት። ብዙ ሳይቆይ እርሷ ራሷ በሳንባ ነቀርሳ ታመመችና በ1924 ዓ.ም. ሥራዋን አቋርጣ በሕክምና ማረፊያ ተኛች። ዳነች፤ ሆኖም በሽታው በጠባብና በጨለማ ቤት ውስጥ እንደሚራባ ታውቅ ስለ ነበር ለቤት ጉዳይ የነበራት ስሜት ከዚያ በኋላ ይበልጥ በረታ።

በ1926 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጀርመን አገር ጥሪ መጣላት። የፍራንክፈርት ከተማ ከፍተኛ የቤት ችግር ነበረበት። የከተማው የሕንፃ ሥራ ኃላፊ ኤርንስት ማይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ለመሥራት አቅዶ፣ ለዚህም ሥራ ወጣት ባለሙያዎችን ይሰበስብ ነበር። ቤቶቹ በርካሽ ይሠሩ ዘንድ ትንንሽ መሆን ነበረባቸው። ቤቱ ካነሰ ማድ ቤቱም ያንሳል። ይህችን ትንሽ ማድ ቤት የመንደፉ ሥራ ለማርጋሬተ ተሰጠ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እንንገራችሁ። ማርጋሬተ ያን ጊዜ ምግብ አብስላ አታውቅም ነበር፤ ይህንንም አልደበቀችም። ሴት በመሆኗ ስለ ወጥ ታውቃለች ብለው የሚያስቡትን ሰዎች ትታረማቸው ነበር። ያላትን እውቀት ያገኘችው ከምድጃ ሳይሆን ከጥናት ነው።

ጥናቷ እንዲህ ነበር። አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ፍሬደሪክ የፋብሪካ ሥራ በሰዓት እንደሚለካ ሁሉ የቤት ሥራም ሊለካ ይችላል ብላ የጻፈችውን መጽሐፍ በጀርመንኛ ትርጉም አንብባ ነበር። በዚህም መሠረት የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት ይዛ እያንዳንዱ የማድ ቤት ሥራ የሚፈጀውን ጊዜና እርምጃ ለካች። ከዚያም የባቡር ምግብ ቤት ፉርጎን ተመለከተች። በፉርጎው ውስጥ ባለችው ጠባብ ማድ ቤት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ለብዙ መንገደኛ ምግብ ያቀርባሉ። ይህ የሚቻለው እያንዳንዱ ዕቃ ቦታው የታወቀ ስለ ሆነና እጅ ከተዘረጋ ስለሚደርስበት ነው። በባቡር ላይ የሚሆን ነገር በሠራተኛው ቤት የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ? ማርጋሬተ የጠየቀችው ጥያቄ ይህ ነበር።

የተገኘው ውጤት በታሪክ የፍራንክፈርት ማድ ቤት ተብሎ ይጠራል። ወርዱ 1.9 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነው። በአንድ በኩል የጋዝ ምድጃው፣ በሌላው በኩል የዕቃ ማጠቢያውና መደርደሪያው፣ በስተመጨረሻው ከመስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው ይገኛል። ሠራተኛዋ ቆማ እንዳትደክም የሚሽከረከር በርጩማ ተሠራላት። መብራቱ በጣሪያው ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ወደሚፈለግበት ቦታ ይገፋል። የልብስ መተኮሻው ሳንቃ ከግድግዳው ጋር ይታጠፋል። የታጠቡት ሳሕኖች በመጥረጊያ ጨርቅ ሳይታበሱ ቆመው የሚንጠፈጠፉበት መደርደሪያ አለ። ወደ መኖሪያው ክፍል የሚያስገባው ተንሸራታች በር ሲከፈት እናቲቱ ድስቷን እያማሰለች ልጆቿን ማየት ትችላለች። ቁም ሣጥኖቹ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም ተቀቡ፤ ዝንቦች ይህን ቀለም ይሸሻሉ ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የተመልካችን ዓይን የሚስበው ግን የእህልና የቅመማ ቅመም ማስቀመጫው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከተው። በዚያ ዘመን ሩዙም፣ ስኳሩም፣ ምስሩም ከሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር። በቤት ውስጥ ደግሞ ትልቅና ትንሽ፣ ክብና አራት ማዕዘን በሆኑ ጣሳዎችና ማሰሮዎች ይቀመጣል። ቅርጻቸው ስለማይመሳሰል በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፤ ከኋላ ያለውን ለማውጣት ከፊት ያለውን ማንሣት ግድ ይሆናል። በሰፊ ጓዳ ይህ አያስቸግርም፤ ወርዱ ከሁለት ሜትር ባነሰ ክፍል ግን አይቻልም።

በፍራንክፈርቱ ማድ ቤት የነበረው መፍትሔ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው የአሉሚንየም መሳቢያዎች ነበሩ። መሳቢያዎቹ ለእነርሱ በተለካ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎንና አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በረድፍ ይገባሉ። ቁጥራቸው እንደ ማድ ቤቱ ዓይነት ቢለያይም እስከ 18 ይደርስ ነበር። የሠራቸው የሃሬር ወንድማማቾች ፋብሪካ ነው። እያንዳንዱ መሳቢያ ከፊት ለፊቱ እጀታ አለው፤ በውስጡ ያለው እህል ስምም በግንባሩ ላይ ተጽፏል። የኋላው ጫፍ ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ሩዝ የፈለገች ሴት መሳቢያውን በእጀታው ስባ ሙሉ በሙሉ ታወጣዋለች፤ ወደ ድስቱ ዘንበል አድርጋ የምትፈልገውን ያህል ታፈስሳለች፤ ከዚያም ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ማንኪያ አያስፈልግም፤ ክዳን አይከፈትም፤ መሬት ላይ የሚንጠባጠብም የለም። መጠናቸው እኩል በመሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ይችላል። አሉሚንየም ቀላል ስለ ሆነ አንዲት ሴት በአንድ እጇ ታነሣዋለች፤ እንደ ብረት ስለማይዝግም ታጥቦ ይመለሳል።

ዱቄት ግን በአሉሚንየም ውስጥ አልተቀመጠም። ለዱቄት የተዘጋጀው መሳቢያ ኦክ ከተባለው ዛፍ እንጨት ነበር። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኦክ እንጨት ውስጥ ታኒን የተባለ፣ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ይህም ዱቄቱን ከትል ይጠብቀዋል ተብሎ ታሰበ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ደግሞ ቢላዋና ቆሻሻ እንዳይጎዱት ቢች ከተባለ ዛፍ ተሠራ። አንድ ንድፍ አውጪ ስለ ነቀዝና ስለ ቢላዋ ጠባይ ይህን ያህል ማሰቡ ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ የወር ዱቄት ቢበላሽ ምን ማለት እንደሆነ በሠራተኞች ሰፈር ያየች ሰው ሌላ ልታስብ አትችልም ነበር።

ይህ ማድ ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍራንክፈርት ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ገባ። ዕቃው በብዛት ስለሚሠራ ዋጋው ቀነሰ፤ ክፍያውም ከቤቱ ኪራይ ጋር ተደመረ። ሁሉም ሰው ወደደው ማለት ግን አይደለም። ማድ ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ የተለካ ስለ ነበር ሴት ልጅ እናቷን ልትረዳ ብትገባ መተላለፊያ አይገኝም። መሳቢያዎቹ ዝቅ ብለው የተቀመጡ በመሆናቸው ትንንሽ ልጆችም ይደርሱባቸው ነበር፤ ሕፃን ልጅ ስኳር የተጻፈበትን መሳቢያ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግራችሁም። የእህሉ ስም በፋብሪካ አስቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ያንን እህል የማይበላ ቤተሰብ ምን ያድርግ ብላችሁ ብትጠይቁም ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ስለ ሴቶች መብት የሚከራከሩ ጸሐፊዎች ከዚህ የበረታ ወቀሳ አቀረቡ። ማድ ቤቱ የሴቲቱን ድካም ቀነሰ እንጂ ሥራውን ለባሏ አላካፈለም፤ እንዲያውም በጠባብ ክፍል ብቻዋን ዘጋባት አሉ። የማርጋሬተ አሳብ ከዚህ የተለየ ነበር። ሴቲቱ ከድስት አጠገብ የምታተርፈውን ሰዓት ለትምህርት፣ ለልጆቿ፣ ለሙያዋና ለዕረፍቷ እንድታውለው ነበር የፈለገችው። በሁለቱም ወገን እውነት ስላለ ክርክሩን በክፍላችሁ ብትቀጥሉበት መልካም ነው።

ማርጋሬተ በ1927 ዓ.ም. የሥራ ባልደረባዋን ቪልሄልም ሹተን አገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሹተ-ሊሆትስኪ ተባለች። በ1930 ባልና ሚስቱ ኤርንስት ማይን ተከትለው ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ። በዚያ ማግኒቶጎርስክን የመሳሰሉ አዳዲስ የፋብሪካ ከተሞች ይቆረቆሩ ስለ ነበር እርሷ የመዋዕለ ሕፃናትንና የሕፃናትን ዕቃዎች ንድፍ አወጣች። በ1937 ዓ.ም. ከዚያ አገር ወጡ። በጀርመን ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ቆይተው ስለ ነበር ወደዚያ መመለስ አይታሰብም ነበር። በ1938 በቱርክ አገር በኢስታንቡል ሥራ አገኙ፤ እርሷም ለገጠር የሚሆኑ የትምህርት ቤት ንድፎችን ሠራች። በዚያው ዓመት ኦስትሪያ በሂትለር ተያዘች።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቷ ክፍል ስለ ማድ ቤት በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፋል፤ እኛ ግን እንዲህ አናደርግም። በኢስታንቡል ሄርበርት አይክሆልትሰር የተባለ ኦስትሪያዊ የሙያ ጓደኛዋን አገኘች። እርሱም በናዚዎች ላይ የተነሣው ኅቡእ ንቅናቄ አባል ነበር። ማርጋሬተም በ1939 ዓ.ም. የኦስትሪያ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነች፤ በዲሴምበር 1940 ከኅቡእ ታጋዮች ጋር ለመገናኘት ወደ ቪየና ተጓዘች። ኢስታንቡል ሰላም ነበር፤ ሥራ ነበራት፤ ባሏ አጠገቧ ነበር። እንድትሄድ ያስገደዳት አንድም ሰው አልነበረም። ቪየና ከገባች አንድ ወር ሳይሞላት፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1941 ዓ.ም. ከንቅናቄው መሪዎች አንዱን በቡና ቤት ባገኘችበት ሰዓት ጌስታፖ የተባለው የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ያዛት። በመካከላቸው ጠቋሚ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ሞት እንዲፈረድባት ጠየቀ። በ1942 የተሰጠው ፍርድ ግን 15 ዓመት እስራት ሆነ። እንደሚተረከው ከሆነ ሕይወቷ የተረፈው ባሏ ከቱርክ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ የሚመስል፣ እርሷ ለዚያ አገር በሥራ እንደምትፈለግ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲላክ በማድረጉ ነው። ሄርበርት አይክሆልትሰር ግን በጃንዋሪ 1943 በቪየና አንገቱ ተቆርጦ ሞተ። ማርጋሬተ በባቫርያ አውራጃ አይካህ በተባለ ቦታ ባለው የሴቶች ወህኒ ቤት ታሰረች። ለብዙ ሺህ ቤቶች የእርምጃን ቁጥር ያሰላች ሴት በሴል ውስጥ ዓመታትን ቆጠረች። አፕሪል 29 ቀን 1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደሮች ደርሰው ነፃ አወጧት።

ወደ ቪየና የተመለሰችው በቡልጋሪያ ጥቂት ጊዜ ከሠራች በኋላ በ1947 ነው። ከተማዋ በቦምብ ፈርሳለች፤ ቤት የሚሠራ ሰውም አጥብቆ ይፈለጋል። የሃምሳ ዓመቷ ባለሙያ ሥራ ይጎርፍላታል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኮሙኒስት በመሆኗ ከመንግሥትም ከከተማውም የምታገኘው ሥራ እጅግ ጥቂት ሆነ። በቪየና ሁለት መዋዕለ ሕፃናትና ጥቂት መኖሪያ ሕንፃዎች ሠራች። ከባሏም ተለያየች። ናዚዎች አስረዋት ነበር፤ አሁን ደግሞ ነፃ የወጣችው አገሯ ሥራ ነፈገቻት። እርሷ ግን ስለ ሰላምና ስለ ሴቶች መብት መሥራቷን አላቋረጠችም።

አገሯ ያስታወሰቻት ካረጀች በኋላ ነው። በ1980 ዓ.ም. የቪየና ከተማ የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሰጣት። በ1985 የኅቡእ ትግል ዘመኗን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመች። በ1988 ደግሞ የኦስትሪያ መንግሥት ታላቅ ክብር ሊሰጣት ፈለገ። ሽልማቱን የሚያበረክቱት ፕሬዚዳንት ኩርት ቫልድሃይም በጦርነቱ ዘመን በጀርመን ጦር ውስጥ ስለ ነበራቸው አገልግሎት ብዙ ክርክር ተነሥቶባቸው ነበር። የ91 ዓመቷ ባልቴት ከእርሳቸው እጅ አልቀበልም ብላ ሽልማቱን ተወችው፤ የተቀበለችው ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ በ1992 ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ሊጠይቋት የሚመጡት ሁሉ የሚያነሡት ስለ ማድ ቤቱ ነበር። እርሷም ይህ ያበሳጫት ነበር። ስለ ሌላው ሥራዋ የሚጠይቃት ሰው እንደማይኖር አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ ያን የተረገመ ማድ ቤት ፈጽሞ እንደማትሠራው ትናገር ነበር። ይህን እያለችም የቪየናው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ማድ ቤቱን እንደ ጥንቱ አድርጎ ሲሠራው ልኩን እያሳየች ረድታለች። በፍራንክፈርት ቤቶች የነበሩት ብዙዎቹ ማድ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ በለንደንና በኒውዮርክ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ፤ ስም የተጻፈባቸው የአሉሚንየም መሳቢያዎችም አብረዋቸው አሉ።

በ1997 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሲሞላት በልደቷ በዓል ላይ ከቪየና ከንቲባ ጋር ቫልስ ጨፈረች። ጃንዋሪ 18 ቀን 2000 ዓ.ም. አንድ መቶ ሦስተኛ ዓመቷን ልትይዝ አምስት ቀን ሲቀራት ዐረፈች። ከ1970 ጀምሮ ብቻዋን የኖረችበት በቪየና ፍራንትሰንስጋሰ በተባለ መንገድ የሚገኘው፣ ንድፉን ራሷ ያወጣችው መኖሪያዋ ከ2022 ወዲህ ለጎብኚዎች ተከፍቷል።